ስክሪኑ ላይ ቢጫ የለም

ስልካችሁ ላይ የሱፍ አበባ ፎቶ ክፈቱ። ቢጫው ደመቅ ያለውን ምረጡ። ከዚያ ጣታችሁን ውኃ ነካ አድርጉና አንዲት ትንሽ ጠብታ ስክሪኑ ላይ ጣል አድርጉ። ጠብታዋ ታጎላለች። አሁን ዓይናችሁን አስጠግታችሁ ተመልከቱ።

ቢጫ የለም። ያለው የቀይና የአረንጓዴ ጥቃቅን ነጥብ ነው። በመካከላቸው ሰማያዊ ነጥቦችም አሉ፤ እነሱ ግን ወይ ጠፍተዋል ወይ ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም። ስልኩ ቢጫ መብራት የሚባል ነገር የለውም። አልተገጠመለትም። ቀዩንና አረንጓዴውን አብርቶ ቁጭ ይላል። ቢጫውን የምንጨምረው እኛ ነን።

ይህን ነገር ያወቅሁ ሰሞን ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስልኩን ተቀብዬ ውኃ አንጠባጥብበት ነበር። ጓደኞቼ ስልካቸውን መደበቅ ጀመሩ። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ዲጂታል ፎቶ የዓለምን ቀለም ቀድቶ የያዘ ይመስለናል። አልያዘም። የያዘው የሰው ዓይን በምን ሲነካ ምን እንደሚያይ ነው። ፋይሉ ስለ አበባው ከሚናገረው ይልቅ ስለ እኛ የሚናገረው ይበልጣል።

ከጆሮ ጋር ሲተያይ ይበልጥ ይገርማል። ፒያኖ ላይ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ብትመቱ ጆሮ ሁለቱንም ይሰማል። መካከላቸው ያለ ሦስተኛ ድምፅ ሆነው አይመጡም። ዓይን ግን ቀይና አረንጓዴ ብርሃን አብረው ሲገቡለት ሁለቱንም ይረሳና ቢጫ ይላል። ለምን?

ብርሃን ሲጀመር ቀለም የለውም። ይህን ያለው ኒውተን ራሱ ነው። በ1660ዎቹ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም አሳልፎ ግድግዳ ላይ በተናቸው። በ1704 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ጨረሮቹ በራሳቸው ቀለም እንደሌላቸው ጻፈ። ያላቸው በእኛ ውስጥ ይህን ወይም ያንን ቀለም የመቀስቀስ ባሕርይ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው።) ብርሃን ሞገድ ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው የሞገዱ ርዝመት ነው። ዓይናችን የሚያየው ከ380 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ነው። ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከዚያ በታች አልትራቫዮሌት አለ፣ ከዚያ በላይ ኢንፍራሬድ። ሁለቱም ለእኛ ጨለማ ናቸው።

ከዓይናችን ጀርባ፣ ሬቲና ላይ፣ ኮን የሚባሉ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ህዋሳት አሉ። ቀለም የምናየው በእነሱ ነው። ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በደንብ የሚነቃው 420 ናኖሜትር አካባቢ ላለ ብርሃን ነው፣ ሁለተኛው ለ530፣ ሦስተኛው ለ560። ብዙ ጊዜ «ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ ኮን» እየተባሉ ይጠራሉ። ይህ አጠራር አይዋጥልኝም። 560 ናኖሜትር ቀይ አይደለም፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ኮን አጥር እንኳ የማይለያቸው ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱን የሚቀሰቅስ ብርሃን ሌላውንም ሳይነካ አያልፍም። ይህን ጉርብትና ያዙልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ኮን ብቻውን ቀለም አያውቅም። የሚያውቀው ምን ያህል እንደተነካ ብቻ ነው። የሚስማማውን ሞገድ ደከም አድርጋችሁ ብታበሩለትም፣ የማይስማማውን በኃይል ብታበሩለትም፣ የሚልከው ምልክት ያው ነው። ቀለም የሚመጣው አእምሮ ሦስቱን ሲያወዳድር ነው። ከዚህኛው ይህን ያህል፣ ከዚያኛው ያን ያህል፣ እንግዲያው ቢጫ። ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን ማለቂያ የሌለው የሞገድ ቅይጥ ሊሆን ይችላል። ወደ ውስጥ የሚያልፈው ግን ሦስት መጠን ነው። ሌላው ሁሉ በር ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ብርሃኖች ሦስቱን ኮኖች እኩል ከነኩ፣ ለእኛ አንድ ናቸው። የሶዲየም መብራት የሚያወጣው ቢጫ 589 ናኖሜትር አካባቢ ያለ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ቢጫ ነው። የስክሪናችሁ ቢጫ የቀይና የአረንጓዴ ድብልቅ ነው። ዓይን አይለያቸውም። ፕሪዝም ግን ወዲያው ያጋልጣቸዋል። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ሜታመር ይባላሉ። ሱቅ ውስጥ ከጃኬቱ ጋር ልክ የገጠመ ሱሪ ደጅ ሲወጣ ሌላ ቀለም ሆኖ የሚገኘውም በዚሁ ነው፤ በሱቁ መብራት ሥር ጥንድ የነበሩት ፀሐይ ሲያዩ ይፋታሉ። ቴሌቪዥኑም፣ ስልኩም፣ ፕሮጀክተሩም የቆሙት በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ሦስት ዓይነት ተቀባይ መኖር አለበት የሚለውን ሐሳብ በግልጽ ያቀረበው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ ነው፣ በ1801። ኮኖቹን አይቶ አይደለም፣ አስቦ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ተቀባይ በየቦታው ሬቲና ላይ ሊደረደር አይችልም፣ ቦታ አይበቃም፤ ስለዚህ ጥቂት ዓይነት ብቻ ነው ያለው አለ። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በኋላ ሐሳቡን አዳበረው። በተግባር ያሳየው ግን ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው፤ ያ የኤሌክትሮማግኔቲዝም እኩልታዎች ሰውዬ።

ይህን ታሪክ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሜይ 17 ቀን 1861፣ ለንደን፣ ሮያል ኢንስቲትዩሽን። ፎቶ አንሺው ቶማስ ሰተን ለማክስዌል አንድ ባለ ብዙ ቀለም የስኮትላንድ ሪባን ደጋግሞ አንስቶለታል፤ በቀይ ማጣሪያ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ። የወጡት ፎቶዎች ሁሉም ጥቁርና ነጭ ናቸው። ማክስዌል እያንዳንዱን በራሱ ማጣሪያ በኩል እያሳለፈ ግድግዳ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደረባቸው። ሪባኑ ከነቀለሙ ታየ። የመጀመሪያው ባለቀለም ፎቶ እየተባለ የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። መሥራት አልነበረበትም። የዚያ ዘመን የፎቶ ኬሚካል ቀይ ብርሃን አይሰማውም። በቀይ ማጣሪያ የተነሣው መስታወት (ያኔ ፎቶ የሚነሣው መስታወት ላይ ነበር) ባዶውን መውጣት ነበረበት። ታዲያ ምን ነካው? መልሱ የተገኘው ከ100 ዓመት በኋላ ነው። የፊልም አምራቹ የኮዳክ ተመራማሪዎች በ1961 ሙከራውን ሲመረምሩት ነገሩ ተገለጠ። ቀይ የተነከረው ጨርቅ ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌትም ያንጸባርቅ ኖሯል። ቀዩ ማጣሪያ ደግሞ እሱን ያሳልፋል። ኬሚካሉም እሱን ያያል። ማክስዌል ግድግዳ ላይ ቀይ አድርጎ ያሳየው፣ ማንም ሰው በማያየው ብርሃን የተነሣ ፎቶ ነበር።

ሐሳቡ ልክ፣ ኬሚካሉ ደካማ፣ ዕድሉ ግን ሸጋ። ይህን የማወራው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። ዘዴው ምን ያህል ለዓይን ብቻ ተብሎ እንደተሠራ ስለሚያሳይ ነው። መስታወቱ ላይ ምን ዓይነት ብርሃን አረፈ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ቀይ ከታየ አለቀ።

«ሦስት ብርሃን እየደባለቅን ማንኛውንም ቀለም መሥራት እንችላለን» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ትምህርት ቤትም እንዲያ ነው የተነገረን። ልክ አይደለም።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ራይትና ጆን ጊልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ እየብቻቸው፣ እንግሊዝ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ ሠሩ። ተፈታኙ ለሁለት የተከፈለች ትንሽ ክብ ያያል። በአንዱ ግማሽ ባለ አንድ ሞገድ ንጹሕ ብርሃን አለ። በሌላው ግማሽ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይደባለቃል። ሰውየው ሦስቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሁለቱ ግማሾች አንድ እስኪመስሉ ያስተካክላል። መሀሉ ላይ ያለው መስመር ከጠፋ ገጠመ ማለት ነው። መጠኑ ይጻፋል፣ ወደሚቀጥለው ሞገድ ይኬዳል።

አረንጓዴና ሰማያዊ መካከል፣ 500 ናኖሜትር አካባቢ ሲደረስ ግን አሻፈረኝ ይላል። ሰውየው ቀዩን እስከ ዜሮ ያወርደዋል፣ ድብልቁ አሁንም የፈዘዘ ነው። የንጹሑን ድምቀት አይደርስበትም። ከዜሮ በታች መውረድ ደግሞ የለም። መላው ምን ሆነ? ቀዩን መብራት ወደ ማዶ ማሻገር። ንጹሑ ብርሃን ላይ ትንሽ ቀይ ሲጨመርበት እሱም ፈዘዝ ይላል፣ ያን ጊዜ ይገጥማሉ። መዝገቡ ላይ የቀዩ መጠን በመቀነስ ምልክት ይሰፍራል። ከዜሮ ያነሰ ቀይ ማለት ነው። ምክንያቱ ያ የኮኖቹ ጉርብትና ነው። የትኛውም አረንጓዴ መብራት ሁለተኛውን ኮን ሲነካ ሦስተኛውንም መነካካቱ አይቀርም። ያንን ትርፍ መነካካት የሚያነሣ መብራት የለም።

የሁለቱ ሙከራ ተፈታኞች በድምሩ 17 ነበሩ። ከእነሱ ዓይን የወጣው አማካይ በ1931 ካምብሪጅ በተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የብርሃን ኮሚሽን ጸደቀ። «መደበኛ ተመልካች» የሚባለው ይህ ነው። የስክሪን፣ የኅትመትና የቀለም ፋብሪካ ስሌት እስከ ዛሬ በእሱ ላይ ነው የቆመው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል። ከሰማይ የወረደ የሚመስል ሠንጠረዥ ሥሩ ሲቆፈር፣ ማስተካከያ እያዞረ «አሁን ገጠመ» የሚል ሰው ይገኝበታል።

ለስክሪን ሠሪዎች ግን ሙከራው መርዶ ነበር። ሦስት መብራት ያለው ስክሪን፣ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ ዓይን የሚያየውን ቀለም በሙሉ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ የቀረው መስማማት ነው፤ የትኛው ቀይ፣ የትኛው አረንጓዴ፣ የትኛው ሰማያዊ? በ1996 ኤች ፒና ማይክሮሶፍት ኤስአርጂቢ የሚባለውን ስምምነት አቀረቡ። መነሻው የዚያን ጊዜዎቹ ሆዳቸው የወጣ ሞኒተሮች ማሳየት የሚችሉት ቀለም ነበር። ሞኒተሮቹ ከተጣሉ ቆዩ። ስምምነታቸው ግን ኢንተርኔት ላይ አሁንም ይሠራል። ከ2015 ገደማ ወዲህ ፒ3 የሚባል ሰፋ ያለ ክልል ያላቸው ስክሪኖች ተለመዱ። ቀያቸውና አረንጓዴያቸው ይበልጥ ይጠነክራል። ጣጣ የሚመጣው ፋይሉ በየትኛው ስምምነት እንደተጻፈ የሚናገረው ፕሮፋይል መንገድ ላይ ሲወድቅ ነው። ያኔ ወይ የሰው ፊት ቲማቲም ይሆናል፣ ወይ ሁሉ ነገር ይፈዛል።

ወደ ፋይሉ ውስጥ እንግባ። እያንዳንዱ ፒክስል (ፎቶው የተገነባበት አንድ ነጥብ) ሦስት ቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255። 256ን ሦስት ጊዜ በራሱ ስታባዙት 16,777,216 ይመጣል። ሻጮች «16 ሚሊዮን ቀለም» የሚሉት ይህን ነው።

አሁን ጥያቄ። 255 ሙሉ ብርሃን ከሆነ 128 ስንት ነው? ግማሽ ትላላችሁ። አይደለም፣ 22 በመቶ ገደማ ነው። ግማሽ ብርሃን የሚገኘው 188 ላይ ነው። ይህ መጣመም ጋማ ይባላል። የቆዩት ሞኒተሮች ባሕርይ እጁ አለበት፤ ዛሬም የሚጠቅመን ግን በዓይናችን ምክንያት ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ አንዲት ሻማ ስትለኮስ ሁሉ ይለወጣል። ያችው ሻማ በቀትር ፀሐይ ብትለኮስ ማን ያያታል? ስለዚህ ያሉን 256 ደረጃዎች ወደ ጨለማው በኩል እንዲበዙ ተደረገ። በብርሃን መጠን እኩል እኩል ቢከፋፈሉ ኖሮ ጥላ ያለበት ሁሉ ተሸንሽኖ ይታይ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ብልኅ ሥራ ነው። ጉዱ ፕሮግራም ጻፊዎች ሲረሱት ነው። ንጹሕ ቀይና ንጹሕ አረንጓዴ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ድንበሩን አደብዝዙት። መሀሉ ላይ ደመቅ ያለ ቢጫ መምጣት ነበረበት። ብዙ የሥዕልና የፎቶ ፕሮግራሞች ላይ የሚመጣው ግን የደፈረሰ፣ ጠቆር ያለ መስመር ነው። ፕሮግራሙ 255ንና 0ን ደምሮ ለሁለት አካፍሎ 128 ስላለ ነው። ቁጥሩን አማከለ እንጂ ብርሃኑን አላማከለም። ማለት የነበረበት 188 ነው። ፎቶ ሲታነስም ያው ነው። በሌሊት የተነሣ፣ ጥቃቅን መብራት የበዛበት ከተማ ሲያሳንሱት መብራቶቹ ከሚገባው በላይ ይከስማሉ። ይህ ችግር ከታወቀ ስንት ዘመኑ ነው፣ አሁንም አለ። ልክ የሆነው ስሌት ጊዜ ይወስዳል ይላሉ። ለእኔ ስንፍና ነው።

የካሜራው ደግሞ ይብሳል። ሴንሰር፣ ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ቀለም አያይም። ብርሃን ይቆጥራል፣ በቃ። ስለዚህ በእያንዳንዷ ነጥብ ፊት አንዲት ባለቀለም ማጣሪያ ይደረግላታል። የኮዳኩ ብራይስ ባየር በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበት አደራደር ዛሬም በብዛት ይሠራበታል፤ ግማሾቹ ነጥቦች አረንጓዴ ያደርጋሉ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። አረንጓዴ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቃቅኑን ዝርዝር ዓይናችን በአብዛኛው የሚለየው በዚያ አካባቢ ባለው ብርሃን ነው። ሐሳቡ ቅድመ አያትም አለው። በ1907 የሉሚዬር ወንድማማቾች ለገበያ ያወጡት የፎቶ መስታወት ላይ የማጣሪያውን ሥራ የሚሠሩት ቀለም የተነከሩ የድንች ስታርች ቅንጣቶች ነበሩ።

ሒሳቡን እንሥራው። 12 ሜጋፒክስል ማለት 12 ሚሊዮን ነጥብ ነው። እያንዳንዷ የለካችው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ፎቶው ግን ለእያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቁጥር ይፈልጋል፣ በድምሩ 36 ሚሊዮን። የቀረው 24 ሚሊዮን ከየት መጣ? ከግምት። ፕሮግራሙ ዙሪያውን እያየ «እዚህ ጋ ያለው ቀይ ይህን ያህል ሳይሆን አይቀርም» እያለ ይሞላዋል። ከፎቷችሁ የቀለም ቁጥሮች ሁለት ሦስተኛውን ካሜራው አላያቸውም። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ድንቅ ነው፣ ማንም አይነቃበትም። የሚያጋልጠው ቀጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ነው። ግራጫው ሸሚዝ ላይ ከየት መጣ የማይባል ቀስተ ደመና ይፈስበታል።

በስንት ግምት የተሞላውን ቀለም ደግሞ ጄፔግ መልሶ ይጥለዋል። ጄፔግ በ1992 የወጣ የፎቶ ፋይል ማሳነሻ ደንብ ነው። ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን እንዳሉ አያስቀምጥም። መጀመሪያ ብርሃንና ጥላውን ለብቻ ያወጣል። ያ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማለት ነው። ቀለሙን በሁለት ሌሎች ንብርብሮች ያስቀምጣል። ይህ ከቴሌቪዥን የተወረሰ ነው። በ1953 አሜሪካ የባለቀለም ቴሌቪዥን ደንቧን ስታጸድቅ፣ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያለው ሰው እንዳይቸገር ብርሃኑና ቀለሙ ተለይተው እንዲላኩ ተደረገ። ከዚያ ጄፔግ ብዙ ጊዜ በሁለቱ የቀለም ንብርብሮች ላይ ከአራት ፒክስል ሦስቱን ይጥላል። አንዱ የአራቱን ሥራ ይሠራል።

በዓይኔ ካላየሁ ብዬ ሞከርኩት። የጓደኛዬን ፎቶ ወስጄ ለሦስቱ ንብርብሮች ከፈልኩት። የብርሃኑን ሳልነካ ሁለቱን የቀለም ንብርብሮች አደበዘዝኳቸው። በትንሹ አይደለም። ለብቻቸው ሲታዩ ፊት ይሁን ደመና የማይለይ እስኪሆን ድረስ። ከዚያ መልሼ ደረብኳቸው። ቅንድቡ ጥርት ብሎ ቁጭ አለ። የሸሚዙ ቁልፍ ላይ ያሉት አራት ቀዳዳዎች ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። ቀለሙም በቦታው ያለ ይመስላል። ከንፈሩ ዳር ላይ ቀዩ ወደ ቆዳው ትንሽ ፈሷል፣ እሱንም የማውቀው ስለፈለግሁት ነው። አሁን ገልብጬ ቀለሙን ተውኩና ብርሃኑን አደበዘዝኩ። ፎቶው ወዲያው ሞተ። ዝርዝሩን የምናየው በብርሃንና በጥላ ነው። ቀለም ከላይ የሚቀባ ነው፣ ያውም በወፍራም ብሩሽ።

ዘዴው የማይሠራበትም አለ። ሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ጽሑፍ ያለበትን ስክሪንሻት ጄፔግ አድርጋችሁ አስቀምጡትና እዩት። የፊደሎቹ ዳር ይዝረከረካል። ለእንዲህ ያለው ፒኤንጂ የሚባለው የፋይል ዓይነት ይሻላል፣ እሱ ምንም አይጥልም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የምታሳዝነኝ ሰማያዊ ናት። የብርሃኑ ንብርብር ሲሰላ አረንጓዴ 58.7 በመቶ ይይዛል፣ ቀይ 29.9። ለሰማያዊ የሚተርፋት 11.4 ነው። ዓይን ውስጥም ዕጣዋ ያው ነው። ለአጭሩ ሞገድ የተሠሩት ኮኖች ከጠቅላላው ጥቂቱ ናቸው፣ ትኩር ብለን በምናይበት መሀል ነጥብ ላይ ደግሞ ጭራሽ የሉም። ጥቁር መደብ ላይ በሰማያዊ ፊደል የሚጽፉ ዲዛይነሮች ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም።

እስካሁን ያልኩት ነገር ቀለም በሦስት ቁጥር ተጀምሮ በሦስት ቁጥር የሚያልቅ ያስመስላል። አያልቅም። ቡናማን ውሰዱ። ቡናማ መብራት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀስተ ደመና ውስጥስ? የለም። የፎቶ ፕሮግራም ክፈቱና ነጭ መደብ ላይ ብርቱካናማ ሳጥን ሥሩ፤ 255፣ 140፣ 0። አሁን ቁጥሮቹን እኩል እኩል ዝቅ አድርጉ። 120፣ 66፣ 0 ላይ ስትደርሱ ሳጥኑ ቡናማ ሆኗል። የብርሃኑ ዓይነት ከሞላ ጎደል ያው ነው፣ መጠኑ ነው የቀነሰው። አሁን የክፍሉን መብራት አጥፉና መደቡን ጥቁር አድርጉት። ያው ሳጥን፣ ያው ቁጥር፣ ወደ ብርቱካናማነቱ ይመለሳል። ቡናማ ማለት ከአካባቢው ሲተያይ የጨለመ ብርቱካናማ ነው። ፒክስሉ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ ዙሪያው ነው የሚሠራው።

በፌብሩዋሪ 2015 ኢንተርኔቱን ለሁለት የከፈለችውን ቀሚስ የረሳ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ሰማያዊና ጥቁር ናት ይላል፣ አንዱ ነጭና ወርቃማ። ባልና ሚስት የተኳረፉባት ቀሚስ። ፋይሉ አንድ፣ ቁጥሮቹ አንድ። ቀሚሷ በእውን ሰማያዊና ጥቁር ነበረች። ፎቶው ግን ምን ዓይነት መብራት እንዳረፈባት የሚናገር ፍንጭ አልነበረውም። የአንዱ አእምሮ ጥላ ውስጥ ናት ብሎ ሰማያዊውን ቀነሰላት፣ የሌላው ቢጫ መብራት አርፎባታል ብሎ ቢጫውን ቀነሰላት። ይህን ቅነሳ ቀኑን ሙሉ ስንሠራው ነው የምንውለው። ነጭ ወረቀት በአሮጌ አምፖል ሥር የሚመልሰው ብርቱካናማ ብርሃን ነው፣ እኛ ግን ነጭ ነው እንላለን።

ካሜራም እኛን ለመምሰል ይህንኑ ይሞክራል፤ ዋይት ባላንስ የሚባለው ነው። የፀሐይ መጥለቂያ ፎቷችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን ያህል ያልቀላው ለዚህ ነው። ካሜራው ቅላቱን የመብራት ጥፋት መስሎት አጥቦታል። ዋይት ባላንሱን «ፀሐይ» ላይ አድርጋችሁ እንደገና አንሡ፣ ቅላቱ ይመለሳል።

ዓይናችን ደግሞ ሁሉ የ17ቱን ሰዎች አይመስልም። ኬሚስቱ ጆን ዳልተን በ1794 ስለ ገዛ ዓይኑ ጽሑፍ አቀረበ። ሌላው ሰው ሮዝ የሚላት አንዲት አበባ ለእሱ በቀን ሰማያዊ፣ በሻማ ቀይ ትሆንበት ነበር። ሰው ሁሉ ምንም አልተለወጠችም ይለዋል፣ ከወንድሙ በቀር። ዳልተን ምክንያቱን ሲገምት ዓይኔ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ሆኖ ነው አለ። ስሞት ከፍታችሁ እዩ ብሎም ተናዘዘ። በ1844 ሲሞት ሐኪሙ ቃሉን ፈጸመ። ፈሳሹ ሰማያዊ አልነበረም። የዓይኑ ቅሪት ግን ሳይጣል ቆየ። በ1995 ዘረመሉ ሲመረመር የመካከለኛው ሞገድ ኮን እንዳልነበረው ታወቀ። ወንድሙም ዓይኑ እንደሱ መሆኑ አይገርምም። የሁለቱ ጎረቤታም ኮኖች ዘረመል ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው መጠባበቂያ የለውም። ዘራቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆነ ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴ የመለየት ችግር አለበት። ሴቶች ላይ ከ200 አንዷ ገደማ ናት። ይህ እየታወቀ ትርፉን በአረንጓዴ፣ ኪሳራውን በቀይ መስመር ብቻ የሚለይ ግራፍ ዛሬም ይሠራል።

ለዳልተን የሚሆን ስክሪን ሁለት መብራት ይበቃው ነበር። ለውሻም እንዲሁ፣ የኮኑ ዓይነት ሁለት ነው። አብዛኞቹ ወፎች ግን አራት አላቸው። አንደኛው አልትራቫዮሌት ወይም ለእሱ የቀረበ ብርሃን ያያል። የእኛ ስልክ ለእነሱ ከአራት አንድ መብራት የጎደለው ነው፣ እጅግ የሚያምረው የወፍ ፎቷችን ለወፏ ራሷ የተጓደለ ነው። ንብ እንደ እኛ ሦስት ዓይነት ቀለም ለዪ አላት፣ ግን አልትራቫዮሌት፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ናቸው። ቀዩ የለም። በሦስት ቁጥር የሚጻፍ የንብ ፋይል ማሰብ ይቻላል፣ መብራቶቹን መለወጥ ነው።

ያ የመደባለቅ ሙከራ ለንብም ተሠርቶላታል። ካርል ዳውመር የተባለ ጀርመናዊ በ1956 ባሳተመው ጥናት ንቦችን በስኳር ውኃ እያሠለጠነ የተለያዩ ብርሃኖችን ደባልቆ አሳያቸው። ቢጫና አልትራቫዮሌት ሲቀላቀሉ ንቦቹ ከሁለቱም የተለየ፣ ራሱን የቻለ ቀለም አድርገው ለዩት። «የንብ ሐምራዊ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ከሚያዩት ብርሃን ከሁለቱ ዳር የተቀዳ ነው፤ የእኛ ማጀንታ ከቀይና ከሰማያዊ እንደሚቀዳው ማለት ነው፤ ማጀንታም የራሱ ሞገድ የለውም። ለንቧ ሐምራዊ ግን ስልካችን ላይ መብራትም ቁጥርም አልተመደበለትም።